ኬሚስትሪ ከመጀመራችሁ በፊት ሒሳቡን አስተካክሉ

ኬሚስትሪ የከበደው ተማሪ የፈተና ወረቀት ካገኛችሁ ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበትን ቦታ አንድ በአንድ ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ስህተቱ ኬሚስትሪው ላይ አይደለም። ልጁ ሞል (ኬሚስትሪ ውስጥ ቅንጣት የሚቆጠርበት መለኪያ) ምን እንደሆነ ያውቃል። ፎርሙላውንም በትክክል ጽፏል። ከዚያ በኋላ ግን ማካፈል ሲገባው ያባዛል፣ የአስር ፓወር (እንደ 10⁻³ ያለውን) ሲያሻግር የመቀነስ ምልክቱን ይረሳል፣ ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ማካፈል ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋበታል። ውጤት ሲለጠፍ «ኬሚስትሪ አይገባኝም» ይላል። ገብቶታል እኮ! ያልተስተካከለው ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል የተማረው ሒሳብ ነው።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ፍሬሽማን ወይም ሪሚዲያል ለምትገቡ ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ነርሲንግ ወይም ፋርማሲ አስባችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለተመዘገባችሁም ይሆናል፣ ምክንያቱም የሚጠብቃችሁ ሒሳብ አንድ ዓይነት ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ሒሳቡ ትንሽ ነው። ለመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ ካልኩለስ እምብዛም አያስፈልግም። ክፍልፋይ፣ የአስር ፓወር፣ ሬሾ፣ ፎርሙላ ማገላበጥ፣ ሎጋሪዝም፣ ትንሽ ግራፍ። በቃ። በየቀኑ ከተሠራበት አብዛኛው በአንድ ወር ይስተካከላል።

የአሜሪካዋ ቴክሳስ የኬሚስትሪ መምህራን ይህን ነገር በደንብ ፈትሸውታል። ሴሚስተሩ ሲጀመር ለተማሪዎቻቸው አጭር ፈተና ሰጡ። 15 ደቂቃ ብቻ፣ ያለ ካልኩሌተር። ጥያቄዎቹ ተራ ናቸው፤ ማባዛት፣ ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽ መቀየር፣ የአስር ፓወር፣ ሎጋሪዝም፣ የመሳሰሉት። በዚያች አጭር ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች ሴሚስተሩ ሲያልቅ በኬሚስትሪውም ዝቅ የማለት ዕድላቸው ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ሒሳብ የደከመ ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም፣ ጎበዝ ሆኖም የሚወድቅ አለ። ግን ችግሩ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሊታይ የሚችል ከሆነ አስቀድሞ ማስተካከልም ይቻላል ማለት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ብዙ ተማሪ ይህን የሚያውቀው ሚድ ከተፈተነ በኋላ መሆኑ ነው።

«ካልኩሌተር እያለ ምን አስጨነቀን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አንድ የኬሚስትሪ ጥያቄ ስትሠሩ ጭንቅላታችሁ ብዙ ነገር አንድ ላይ ይይዛል። ምን እንደተጠየቀ፣ ምን እንደተሰጠ፣ የትኛው ንጥረ ነገር ቀድሞ እንደሚያልቅ፣ አሃዱ ምን እንደሆነ። በዚህ መሃል «0.001 ስንተኛ የአስር ፓወር ነበር?» ብላችሁ መቆም ከጀመራችሁ የያዛችሁት ሁሉ ይበተናል። ካልኩሌተር ደግሞ ቁጥር እንጂ ሐሳብ አያወጣም። የተሳሳተ ነገር ከነገራችሁት የተሳሳተውን በስምንት ዲጂት አሳምሮ ይመልስላችኋል።

መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ

ካልኩሌተሩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሰዓት ብቻ። 15 ደቂቃ ስጡና እነዚህን ሥሩ።

1. 3/4 × 8/9
2. 1/8 በአስርዮሽ ሲጻፍ
3. (4 × 10⁵) × (3 × 10⁻²)
4. (6 × 10⁻³) ÷ (2 × 10⁴)
5. 7⁰
6. የ0.001 ሎጋሪዝም፣ በ10 መሠረት
7. የ1.6 × 10⁻⁵ ስኩዌር ሩት
8. 250 ሚሊ ሊትር ስንት ሊትር ነው?
9. የ60 ግራም 15 በመቶ
10. ግፊት × ይዘት = ሞል × አር × ሙቀት ከሆነ (አር የጋዝ ኮንስታንት ነው)፣ ሙቀት ከምን ጋር እኩል ነው?

መልሶቹ በቅደም ተከተል፦ 2/3፣ 0.125፣ 1.2 × 10⁴፣ 3 × 10⁻⁷፣ 1፣ −3፣ 4 × 10⁻³፣ 0.25 ሊትር፣ 9 ግራም፣ እና (ግፊት × ይዘት) ÷ (ሞል × አር)።

ዘጠኝ ወይም አሥሩንም ያገኘ፣ ሳይቸኩል ከጨረሰ፣ የሳተውን ብቻ ይከልስና ሌላ ነገር ያንብብ። ከአምስት በታች ያገኘ አይደንግጥ፣ ግን ዛሬውኑ ይጀምር። ከነጥቡ ይልቅ የትኛውን እንደሳታችሁ ማወቅ ይጠቅማል። 3ኛ፣ 4ኛ እና 7ኛ ከሆነ ችግራችሁ የአስር ፓወር ነው። 10ኛው ከሆነ ፎርሙላ ማገላበጥ ነው፣ እሱ ደግሞ የጋዝ ምዕራፍ ላይ በጣም ያስከፍላችኋል። ገምታችሁ ያገኛችሁትን እንደሳታችሁት ቁጠሩት። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ስለሆነ ከአራቱ ሁለቱን ሰርዞ የቀረውን መገመት ለምዶብናል። ዩኒቨርሲቲ ላይ ግን ብዙ መምህር አሠራሩን አይቶ ነው ነጥብ የሚሰጠው።

የአስር ፓወር

ኬሚስትሪ ውስጥ ቁጥር ወይ በጣም ትልቅ ነው ወይ በጣም ትንሽ። አንድ ሞል ውስጥ 6.022 × 10²³ ቅንጣት አለ። የደካማ አሲድ ኮንስታንት (አሲዱ ውሃ ውስጥ ምን ያህል ወደ አዮን እንደሚለያይ የሚነግር ቁጥር) እንደ 1.8 × 10⁻⁵ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ሁለት ሕግ እንደ ስማችሁ ይልመዳችሁ፤ ሲባዛ ፓወሩ ይደመራል፣ ሲካፈል ይቀነሳል። ተማሪ የሚሳሳተው ሕጉን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ −3 ላይ 4 ሲቀነስ −7 መሆኑ ፈተና ላይ ስለሚምታታበት ነው። መድኃኒቱ መለማመድ ነው፣ ሌላ የለውም።

ስኩዌር ሩት ሲመጣ ደግሞ ፓወሩ ለሁለት እኩል የማይካፈል ከሆነ መጀመሪያ የሚካፈል አድርጉት። 1.6 × 10⁻⁵ ማለት 16 × 10⁻⁶ ማለት ነው። የ16 ሩት 4፣ የ10⁻⁶ ሩት 10⁻³። አለቀ።

እዚህ ላይ ስለ ካልኩሌተር አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በየዓመቱ ተማሪ የሚጎዳበት ነገር ነው። 3.011 × 10²³ን ለ6.022 × 10²³ ለማካፈል ቁልፎቹን እንደተጻፈው በተርታ ብትጫኑ፣ ያለ ቅንፍ፣ ማሽኑ በ6.022 ብቻ አካፍሎ በ10²³ መልሶ ያባዛዋል። መልሱ 5 × 10⁴⁵ ይወጣል። ትክክለኛው መልስ 0.5 ነው! ወይ ሁለቱንም ቁጥር በየራሱ ቅንፍ ውስጥ አስገቡ፣ ወይ ካልኩሌተራችሁ ላይ ያለውን የኢኤክስፒ ቁልፍ ተጠቀሙ። አይታችሁ ግማሽ መሆኑን መገመት ከቻላችሁ ደግሞ ማሽኑ ሲሳሳት ወዲያው ትይዙታላችሁ። በእጅ መሥራትን የምወተውተው ለዚህ ነው።

ሬሾ፣ የሁሉም እናት

አንድ ነገር ብቻ የማጥናት ጊዜ ቢኖራችሁ ሬሾን ምረጡ። ሞል ሬሾ ነው። ሞላሪቲ (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ሞል) ሬሾ ነው። ዴንሲቲም፣ መቶኛም። ስቶይኪዮሜትሪ የሚባለው፣ በሪአክሽን ውስጥ ስንት ገብቶ ስንት እንደሚወጣ የሚሰላበት፣ ብዙ ሰው የሚፈራው ምዕራፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሬሾ ነው።

አንድ ዘመድ ከውጭ 200 ዶላር ቢልክላችሁ ስንት ብር እንደሚሆን ለማወቅ በምንዛሪው ታባዛላችሁ። ብሩን ይዛችሁ ዶላሩን ስትፈልጉ ታካፍላላችሁ። የቱን መቼ እንደምታደርጉ ማንም አላስተማራችሁም፣ ምክንያቱም «ብር ለአንድ ዶላር» የሚለውን አሃድ ሳታስቡት ትከተሉታላችሁ። ግራምና ሞልም እንደዚያው ነው። የውሃ ምንዛሪ 18 ግራም ለአንድ ሞል ነው። 4.5 ግራም ውሃ ስንት ሞል ነው? 4.5 ግራም × 1 ሞል/18 ግራም። ግራም ከላይም ከታችም ስላለ ይጣፋል፣ ሞል ይቀራል፣ 0.25 ሞል። ስንት ሞለኪውል? 0.25 × 6.022 × 10²³፣ ወደ 1.5 × 10²³። አሃዱን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ጻፉ። አሃዱ ተጣፍቶ የምትፈልጉት ካልቀረ ገልብጣችሁታል ማለት ነው። ለመጻፍ የሚሰንፍ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፣ «በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ» ይላል። ቀላሉ ጥያቄ ላይ ይሠራለታል፣ ሦስት እርምጃ ያለው ሲመጣ ግን ይከዳዋል። ነርሲንግ የምትገቡት ደግሞ የመድኃኒት መጠን ስታሰሉ የምትጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ራሱ ነው፣ ያኔ የሚሳሳት ቁጥር በበሽተኛ ላይ ነው።

አሁን ትንሽ ከበድ ያለ። 8 ግራም ሃይድሮጅን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር ተቃጥሎ ውሃ ሲሆን የትኛው ቀድሞ ያልቃል? ብዙ ሰው 8 ከ32 ስለሚያንስ «ሃይድሮጅን» ይላል። በግራም ማወዳደር ነው ያሳሳተው። ወደ ሞል ቀይሩት። የሃይድሮጅን ሞለኪውል አንድ ሞሉ 2 ግራም ነው፣ ስለዚህ 4 ሞል አለን። ኦክስጅን አንድ ሞሉ 32 ግራም ነው፣ ስለዚህ 1 ሞል ብቻ አለን። ሪአክሽኑ የሚጠይቀው ለ1 ሞል ኦክስጅን 2 ሞል ሃይድሮጅን ነው። እንግዲህ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው። 2 ሞል ውሃ ይገኛል፣ ማለትም 36 ግራም። 2 ሞል ሃይድሮጅን፣ ማለትም 4 ግራም ይተርፋል። አሁን ደምሩት፤ 36 እና 4፣ 40። መጀመሪያ የነበረውም 8 እና 32፣ 40። ገጠመ። ይህን የመጨረሻ ማረጋገጫ ሁልጊዜ አድርጉት፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ጥያቄ ውስጥ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው ያለው። ከባድ የሆነው የቱን ለየቱ ማካፈል እንዳለባችሁ ማወቁ ነው። «ሒሳብ ጎበዝ ነኝ» የሚል ተማሪ እዚህ ላይ ሲወድቅ የምናየው ለዚህ ነው። ቁጥር ሲሰጡት ይሠራል፣ ዓረፍተ ነገር ሲሰጡት ግን ቁጥሩን ከውስጡ ማውጣት አልለመደም። ስለዚህ ስትለማመዱ በቃላት የተጻፉ ጥያቄዎችን ምረጡ። ከመሥራታችሁ በፊት «ምን ተሰጠኝ፣ ምን እፈልጋለሁ» ብላችሁ በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ እንደሚቀናችሁ።

ፎርሙላ ማገላበጥ

አንድ የጋዝ ሕግ በአራት መልክ የሚሸመድድ ተማሪ አለ። አንዱ ለግፊት፣ አንዱ ለይዘት፣ አንዱ ለሞል፣ አንዱ ለሙቀት። ይህ ድካም ነው። አንዱን ያዙና የምትፈልጉትን ብቻውን እስኪቀር ድረስ በሁለቱም በኩል አካፍሉ። ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት በፊደሉ ጨርሱ፣ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ አስገቡ። ቁጥሩን ቀድሞ የሚያስገባ ሰው መሃል ላይ ሲሳሳት የት እንደተሳሳተ ማየት አይችልም፣ መምህሩም ከፊል ነጥብ ሊሰጠው ይቸገራል። ሙቀቱን ደግሞ ወደ ኬልቪን ቀይሩ። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ 298 ኬልቪን ነው። ይህን የሚረሳ ሰው ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ መልሱን ያጣል።

ሎጋሪዝም

10ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ነበር፣ ብዙዎቻችሁ ፈተናውን ተፈትናችሁ ዘግታችሁታል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ሲመጣ ግን ይመለሳል። ሎጋሪዝም የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 10 በስንት ፓወር ቢነሳ ይህን ቁጥር ይሰጣል? 1000 ከሆነ 3። 0.001 ከሆነ −3። ፒኤች ደግሞ የሃይድሮጅን አዮን ኮንሰንትሬሽን ሎጋሪዝም ምልክቱ ተቀይሮ ነው።

የአቢጃታ ሐይቅ ሶዳ የበዛበት ሐይቅ ነው፣ ፒኤቹ ወደ 10 ይጠጋል። ንጹሕ ውሃ 7 ነው። ልዩነቱ 3 ስለሆነ «ትንሽ ነው» እንዳትሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ደረጃ አሥር እጥፍ ነው፣ ስለዚህ የሃይድሮጅን አዮኑ በሺህ እጥፍ ያንሳል። ሎጋሪዝም የገባው ሰው ይህን ያለ ካልኩሌተር ያየዋል።

ሦስት ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። የ2 ሎጋሪዝም 0.30፣ የ3 ሎጋሪዝም 0.48፣ የ5 ሎጋሪዝም 0.70። የሃይድሮጅን አዮኑ 2 × 10⁻⁴ ከሆነ ፒኤቹ 4 ሲቀነስ 0.30፣ ማለትም 3.70 ነው። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ እንሥራው። አቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ኮንስታንቱ 1.8 × 10⁻⁵ ነው። ኮንሰንትሬሽኑ 0.1 ሞላር ቢሆን የሃይድሮጅን አዮኑ በግምት የሁለቱ ብዜት፣ ማለትም የ1.8 × 10⁻⁶፣ ስኩዌር ሩት ነው። የ1.8 ሩት 1.34 ገደማ፣ የ10⁻⁶ ሩት 10⁻³። የ1.34 ሎጋሪዝም 0.13 ገደማ ስለሆነ ፒኤቹ 3 ሲቀነስ 0.13፣ ማለትም 2.87 ይመጣል። በዚህች አንዲት ጥያቄ ውስጥ ፓወርም፣ ሩትም፣ ሎጋሪዝምም አለ። ኬሚስትሪው ግን አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ አሲዱ ደካማ ስለሆነ ከመቶው አንድ ገደማው ብቻ ወደ አዮን ይለያያል። ሒሳቡ የሚያደናቅፈው ተማሪ እዚህ ሐሳብ ላይ ሳይደርስ ነው ሰዓቱ የሚያልቅበት፣ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

የግማሽ ዕድሜ (ከነበረው ግማሹ ለመጥፋት የሚፈጅበት ጊዜ) ጥያቄም በፓወር ነው የሚሠራው። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው። ከአሥር ግማሽ ዕድሜ በኋላ የሚቀረው 1/1024 ነው፣ ከሺህ አንድ ገደማ ማለት ነው። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት። ስንት ግማሽ ዕድሜ እንዳለፈ አስሉት፣ ከ550 ይበልጣል። ምንም ካርቦን 14 አይቀርም። የእሷ ዕድሜ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ባለ አርጎን የተለካው ለዚህ ነው።

ግራፍ ላይ ብዙ አልቆይም። የቀጥታ መስመርን ስሎፕ ማውጣትና አሃዱን መናገር ከቻላችሁ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ይበቃል።

እንዴት ትለማመዳላችሁ

በቀን 40 ደቂቃ ይበቃል፣ ግን በየቀኑ። እሁድ ለስድስት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ሳምንቱን መዝጋት አይሠራም፣ እጅ የሚለምደው በመደጋገም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍልፋይና የአስር ፓወር፣ ከዚያ አሥር ቀን ያህል ሬሾና አሃድ ብቻ (ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ሆን ብዬ ነው)፣ የቀረውን ለፎርሙላና ለሎጋሪዝም። በየሳምንቱ መጨረሻ ላይ ከላይ ያለውን ዓይነት አጭር ፈተና ቁጥሮቹን ቀይራችሁ ለራሳችሁ አውጡ።

የስህተት ደብተር ያዙ። ትክክለኛውን መልስ ገልብጦ ማለፍ ምንም አይጠቅምም። ምን ዓይነት ስህተት እንደሆነ ጻፉ፤ «ምልክት ረሳሁ»፣ «አሃድ አልቀየርኩም»፣ «ገልብጬ አካፈልኩ»። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትገልጡት ያው አንድ ስህተት ደጋግሞ ታገኙታላችሁ። እሱን ስታስወግዱ ውጤታችሁ ወዲያው ከፍ ይላል።

ሲኒየር የሰጣችሁን ወርክሺት መልሱን እያያችሁ አትሸምድዱ። ሌላ ሰው የሠራውን ማንበብና መሥራት አይገናኙም። መልሱን ሸፍኑ፣ ሥሩ፣ ከዚያ ግለጡ። ዶርም ውስጥ አንድ ጓደኛ ካለ አሠራሩን ድምፅ አውጥታችሁ አስረዱት፣ የምትንተባተቡበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው።

መጽሐፍ ፍለጋ አትድከሙ። የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፋችሁ ለአብዛኛው ይበቃል። ኢንተርኔት ላላችሁ ካን አካዳሚ በነጻ ነው። ኦፕንስታክስ በነጻ የሚያወጣው የኬሚስትሪ መጽሐፍ መጨረሻው አካባቢ ለኬሚስትሪ የሚያስፈልገውን ሒሳብ የሚከልስ አጭር ክፍል አለው፣ ፒዲኤፉን አንዴ አውርዳችሁ ያለ ኔትወርክ ማንበብ ትችላላችሁ።

አሜሪካ ላላችሁት፣ ኮሌጁ የሒሳብ ምደባ ፈተና ሊሰጣችሁ ይችላል። ሳትዘጋጁ አትግቡበት። ብዙዎቻችሁ ትምህርት ካቆማችሁ ዓመታት አልፈዋል፣ ቀን ሥራ ማታ ክፍል ነው። ሁለት ሳምንት ከልሳችሁ ብትገቡ አንድ ሙሉ ሴሚስተርና ክፍያውን ልታተርፉ ትችላላችሁ። ከልሳችሁም አልጀብራ ውሰዱ ከተባላችሁ ግን ኬሚስትሪውን ለማፋጠን አትከራከሩ። አልጀብራውን ጨርሱ። ደካማ ኬሚስትሪ ውጤት ትራንስክሪፕት ላይ ይቆያል፣ ነርሲንግ ፕሮግራም ደግሞ ያየዋል። አገር ቤትም ቢሆን ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ዲፓርትመንት ሲመደብ ስለሚቆጠር «በኋላ አካክሰዋለሁ» የሚባል ነገር ብዙም አያዋጣም።

ክፍል ከተጀመረ በኋላ የመጀመሪያው ኩዊዝ ሲመለስላችሁ ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል በሒሳብ ምክንያት ያጣችሁትን ነጥብ፣ በሌላው ኬሚስትሪው ስላልገባችሁ ያጣችሁትን ጻፉ። የሒሳቡ ከበዛ 40 ደቂቃዋን ሳታቋርጡ ቀጥሉ፣ መምህሩ ቢሮ ስትሄዱም የሠራችሁትን ወረቀት ይዛችሁ «እዚህ መስመር ላይ ነው የተሳሳትኩት» በሉ። «ምንም አልገባኝም» ከሚል ተማሪ ይልቅ እንዲህ የሚለውን መርዳት ለማንኛውም መምህር ይቀላል። የኬሚስትሪው ከበዛ ደግሞ የሒሳብ ልምምዱን በሳምንት ሁለት ቀን አድርጉትና የተረፈውን ጊዜ ለሌክቸር ኖታችሁ ስጡት።